ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ



በዚህ እትም ዓምዳችን ስለ ልጆች የንባብ ልማድ ልናወጋችሁ ተዘጋጅተን ነበር። ሆኖም ባለፈው ወር አንድ ቀን ከዐሥር ሶላት በኋላ በመስጊዱ ደጃፍ የጠበቁን አንድ አባት ሐሳባችንን አስለወጡን። ንባቡን፣ አላህ ካለ፣ በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

የምንኖርባትን ጥሊሊን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ቡሬን አልፋችሁ እንጅባራ ሳትደርሱ የምታገኟት ደገኛ ከተማ ናት። እኚህ አባት በዚህችው ከተማ እህል እየገዙ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸውን በትምህርት ቤት ያስተማርነው እኛ ነን፤ ፊደል ከማወቁ በፊትም አሊፍ ባ ታ ያስቆጠርነው እኛው ነን።

«ኡስታዝ፣ ልጄ ሥራ አገኘሁ ይላል። አልሐምዱሊላህ ልበል ወይስ ኢንና ሊላህ ልበል፣ ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ማለፊያ ነጥብ ስላልመጣለት ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጧል። ከዕለታት አንድ ቀን በስልኩ በቴሌግራም አንድ መልእክት ይደርሰዋል። ሥራው ታይላንድ፣ ደመወዙ በወር 1,200 ዶላር፣ ምግብና መኝታ በድርጅቱ፣ የአውሮፕላን ትኬት በድርጅቱ። የሚጠየቀው መጠነኛ እንግሊዝኛና ኮምፒዩተር መጻፍ ብቻ ነው። ከእርሱ የሚፈለገው «ለጉዳይ ማስፈጸሚያ» 85,000 ብር ሲሆን፣ እርሱም በአምስት ቀን ውስጥ ካልገባ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አባት ገንዘቡን ከየት ያምጡ? ገና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘውን የዲከረንስ ደናቸውን ለከሰል ነጋዴ ሳይደርስ በእርካሽ ለመሸጥ ገዢ አናግረዋል። ገዢው በማግስቱ ሊመጣ ቀጥሯቸዋል።

እኛም ወዲያው መልስ አልሰጠናቸውም። ይልቅስ አንድ ጥያቄ ጠየቅናቸው።

«አባቴ፣ ገብስ ሲገዙ የጆንያውን አፍ ብቻ አይተው ይገዛሉ?»

ሳቁ። «ምን ነካዎት ኡስታዝ! እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ከታች ዘግኜ አይቼ እንጂ። ከላይማ ማን ጥሩ ያልሆነ ያስቀምጣል?»

ይህን ሲሉ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አንድ ታሪክ ትዝ አለን። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩና እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣታቸውን እርጥበት ነካው። ሻጩን ምን እንደሆነ ሲጠይቁት ዝናብ መታው አለ። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብርም ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን ተናገሩ። ታሪኩ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ይህን ሐዲስ ዘወትር የምናነሣው ሻጩን ለመገሠጽ ነው። ነገር ግን ለገዢውም ትምህርት አለበት፤ እርጥቡ የተገኘው እጅ ወደ ውስጥ ስለገባ ነውና።

ልጆቻችን ዛሬ በየስልካቸው የሚቀርብላቸው የሥራ ማስታወቂያ ላዩ ደረቅ ነው። እጃችንን እስከ ክርናችን እንክተት።

የታይላንዱ ሥራ የት ያደርሳል?

ለእኚህ አባት የነገርናቸውን ለእናንተም እንንገራችሁ። ታይላንድ ከምያንማር ጋር በምትዋሰንበት በኩል ሜ ሶት የምትባል ከተማ አለች። ከእርሷ ፊት ለፊት ሞኢ የሚባለውን ወንዝ ተሻግሮ በምያንማር በኩል ሚያዋዲ ትገኛለች። በዚያ አካባቢ በታጣቂዎች ጥበቃ ሥር የተሠሩ፣ በአጥርና በዘበኛ የተከበቡ ግቢዎች አሉ። በኮምፒዩተር ሥራ ስም የተወሰዱ ከብዙ አገር የመጡ ወጣቶች የሚገቡት እዚያ ነው። በባንኮክ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበላቸው ሰው አለ፤ መኪናው ግን ወደ ከተማው ቢሮ ሳይሆን ሰዓታት ተጉዞ ወደ ድንበሩ ይወስዳቸዋል። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ፓስፖርታቸው ይወሰዳል።

ሥራውስ ምንድነው? በሐሰተኛ ስምና በሐሰተኛ ፎቶግራፍ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር በኢንተርኔት እየተጻጻፉ፣ የፍቅር ወይም የንግድ ወዳጅ መስለው ገንዘባቸውን ማስወጣት ነው። የተመደበለትን ያላሟላ ይደበደባል፤ በኤሌክትሪክ የተጠበሱም አሉ። ልውጣ የሚል ቤተሰቡ ማስለቀቂያ እንዲልክ ይጠየቃል። እነሆ፣ የተታለለው ልጅ በዱላ ሌላውን እንዲያታልል ይገደዳል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ ወላጅ ያስብበት።

ይህ ወሬ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በምያንማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ ደግሞ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች በእንዲህ ያለው ሥራ ተገደው ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። በጥር መጨረሻ 2017 ዓ.ም. ታይላንድ በድንበሩ ላሉ አንዳንድ ሥፍራዎች የምትሰጠውን መብራት፣ ነዳጅና ኢንተርኔት አቋረጠች። በሳምንቱ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከ20 አገሮች የመጡ 260 ሰዎች ተለቀው ወንዙን ወደ ታይላንድ ተሻገሩ። ከእነርሱ ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው! በቀጣዮቹ ሳምንታት ሺዎች ከየግቢው ወጥተው በድንበሩ በጊዜያዊ መጠለያ ተከማችተው ቆዩ። ኢትዮጵያ በታይላንድ ኤምባሲ ስላልነበራት ለብዙዎቹ የወገኖቻችን መመለሻ መንገድ ረዝሞ ነበር።

አባት ይህን ሲሰሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም የሁላችንንም ልብ የሚነካ ጥያቄ ጠየቁ፤ «እውነት ቢሆንስ ኡስታዝ? ዕድሉን ዘግቼበት ቢቀርስ?»

እኛም አንድ ጊዜ አጥፍተናል

ይህን ጥያቄ በቀላሉ ልናልፈው አልቻልንም። ምክንያቱም ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተጠይቀን ያለ ጥንቃቄ መልሰናልና። ዓምድ ጸሐፊ ስሕተቱን ደብቆ ሌላውን ቢመክር ተገቢ ስላልሆነ እንናገረዋለን።

ባለፈው ዓመት አንዲት የቀድሞ ተማሪያችን በስልኳ የደረሳትን የቅጥር ደብዳቤ ይዛ መጣች። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት፣ አዲስ አበባ ባለ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ስም የተላከ ነበር። «ጋሼ፣ እስቲ እዩልኝ» አለችን። እኛም አንብበን እንግሊዝኛው የተጣራ መሆኑን አየንና «ማ ሻ አላህ፣ ጥሩ ነው» አልናት። ለሥልጠናና ለመታወቂያ ተብሎ የተጠየቀችውን 4,500 ብር እናቷ ከዕቁባቸው ላይ አውጥተው ሰጧት። ላከች። በተባለው ቀን አዲስ አበባ ደርሳ የተነገራትን ሕንፃ ፎቅ ለፎቅ ብትዞር እንዲህ ያለ ቢሮ የለም። ስልኩም አይሠራም። ሌሊቱን በአንድ ዘመድ ቤት አሳልፋ ተመለሰች።

ስሕተታችን ምን ነበር? ደብዳቤውን መረመርን እንጂ ደብዳቤውን የላከውን አልመረመርንም። ሰዋስው አረምን። ዛሬ ደግሞ በኮምፒዩተር ረዳትነት ማንም ሰው በደቂቃ ውስጥ እንከን የሌለው እንግሊዝኛም ሆነ አማርኛ ማጻፍ ይችላል። የታወቀ ድርጅትን ዓርማና ማኅተም መቅዳትማ ከዚያም ይቀላል። ስለዚህ «አጻጻፉ ስሕተት የለበትም» ማለት «እውነት ነው» ማለት እንዳልሆነ ከእኛ ተማሩ። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ የታዘዝነው የወሬውን ውበት ሳይሆን ያመጣውን ሰው ማንነት እንድንመለከት ተደርጎ ነው።

ልጅቱ በኋላ ያለችን ቃል ዛሬም ከጆሮአችን አልጠፋም፤ «እርስዎ ጥሩ ነው ስላሉኝ ነው እማዬ የሰጠችኝ።»

ለምን ልጆቻችን ላይ?

አጭበርባሪ ገበያ ያውቃል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። የቀሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች የት አሉ? በየቤቱ፣ ስልክ በእጃቸው ይዘው አሉ። በክልላችን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ የብዙዎች ትምህርት ተቋርጧል። የጎረቤት ልጅ ከዐረብ አገር ልኮ የተሠራውን ቆርቆሮ ቤት በየቀኑ እያየ የሚውል ልጅ፣ «ና፣ አንተን እንፈልጋለን» የሚል ድምፅ ሲሰማ ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም። ከዚያ በፊት እንፈልግሃለን ያለው ማንም ስለሌለ ነው።

ስደቱም ቢሆን ለወገኖቻችን አዲስ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ከኅዳር ወር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ መባረራቸውን እናስታውሳለን። አብዛኛዎቹ በደላላ የሄዱ ነበሩ። ያኔ ደላላው በየመንደሩ የሚታወቅ ሰው ስለነበር ቢያንስ ቤቱ ይታወቅ ነበር። የዛሬው ደላላ ግን ስም የለው፣ ቤት የለው፣ ፊት የለው፤ ከኪስ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ሪዝቅን ፍለጋ መሰደድ በዲናችን የተፈቀደ አይደለምን?» ይላሉ። ተፈቅዷል እንጂ። ነገር ግን ከእኛው አገር ጋር የተያያዘውን የመጀመሪያውን ሂጅራ አስቡት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ሲመጡ እንዲሁ በጭፍን አልተላኩም። ወዴት እንደሚሄዱ፣ በአገሩ ማን እንደሚገዛ፣ እርሱም ዘንድ ሰው የማይበደል መሆኑን መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድመው ነግረዋቸዋል። ነጃሺም ቢሆን ስደተኞቹን ይወስዱ ዘንድ የቁረይሽ መልእክተኞች ሲመጡ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ አልፈረደም፤ ጀዕፈርን አቅርቦ ጠየቀ። ሂጅራችን በመረጃ የተጀመረ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው ሕጉን ስለማያውቅ ይታለላል። ስለዚህ በአጭሩ እንግለጽ።

ወደ ውጭ አገር ለሥራ መሄድን የሚመለከት ዐዋጅ ቁጥር 923/2008 የወጣ ሲሆን፣ በዐዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። በዚህ መሠረት ሠራተኛ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን እንዲሁም የመድን ዋስትናውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባትና ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ የመሳሰሉትን ነው፤ እነዚህንም የሚከፍለው አገልግሎቱን ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት በደረሰኝ እንጂ ለአንድ ግለሰብ ስልክ አይደለም። ስምሪቱም በመርኅ ደረጃ ኢትዮጵያ ስምምነት ወደ ተፈራረመችባቸው እንደ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ቀጠርና ዮርዳኖስ ወዳሉ አገሮች ነው።

በአገር ውስጥ ቅጥርም ቢሆን የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ እንደሆነ ይደነግጋል። ዐዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ ሰውን በማታለል ለብዝበዛ መመልመልን ከባድ ወንጀል አድርጎ ይቀጣል።

እንግዲህ «ለቪዛ ማስጨረሻ ላክ»፣ «ለምዝገባ ላክ»፣ «ለሥልጠና ላክ» የሚል ቃል ስትሰሙ፣ ሥራ ሊሰጣችሁ ሳይሆን ብራችሁን ሊቀበል የመጣ ሰው ደጃችሁ መቆሙን ዕወቁ። አሠሪ ለሠራተኛ ይከፍላል። ሠራተኛ ለአሠሪ የሚከፍልበት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?

እጅን ወደ ጆንያው መክተቻ

ለልጁ አምስት ጥያቄ ጽፈን ሰጠነው። እናንተም ገልብጣችሁ በቤታችሁ አኑሩት።

1ኛ/ የድርጅቱ ወይም የኤጀንሲው ሙሉ ስምና የፈቃድ ቁጥር ምንድነው? ከተሰጠም በኋላ በዚያው በሰጠው ሰው ስልክ አታጣሩ። ወደ ወረዳው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂዳችሁ፣ ወይም ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጠይቃችሁ አረጋግጡ። በታወቀ ድርጅት ስም ከሆነ ድርጅቱን ራሱን በአካል ወይም በሚታወቀው አድራሻው ጠይቁ።

2ኛ/ የሥራ ውሉ የት አለ? ከመክፈልና ከመጓዝ በፊት ሥራው፣ ደመወዙ፣ ሰዓቱና ቦታው ተጽፎ ይምጣ። በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ ለተወሰነ ጊዜ ስንበዳደር እንኳን እንድንጽፍና ምስክር እንድናቆም ታዘናል። የልጅ ነፍስ ከብድር አይበልጥምን?

3ኛ/ ቪዛው የምን ቪዛ ነው? የሥራ ነው ተብሎ የጎብኚ ቪዛ ከመጣ ነገሩ አበቃ። «በጎብኚ ግባ፣ እዚያ ይቀየርልሃል» የሚለው ቃል ብዙዎችን አጥፍቷል። የዑምራ ቪዛንም ለዚህ መሸፈኛ የሚያደርጉ አሉ፤ ዒባዳን የሐሰት ካባ ማልበስ ነውና ተጠንቀቁ።

4ኛ/ ገንዘቡ በማን ስም ይገባል? በድርጅት ስም ማስታወቂያ አውጥቶ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በሞባይል ቁጥር የሚቀበል ሁሉ አጭበርባሪ ነው ብላችሁ ያዙት።

5ኛ/ እዚያ የሚሠራ ሰው ፊት ለፊት በቪዲዮ ሊያናግረን ይችላል? ፎቶግራፍና የተቀዳ ድምፅ በቂ አይደለም። ብቻውን ሆኖ፣ እኛ የምንጠይቀውን በአገውኛም ሆነ በአማርኛ የሚመልስ ሰው ይሁን። ይህም ቢሆን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ተገዶ የሚናገር አለና።

ለወጣቶች ደግሞ ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛው፣ «ጓደኛህን ካመጣህ ኮሚሽን አለህ» ሲሏችሁ አትቀበሉ። ብዙዎች ወደ ጥፋት የሄዱት በማያውቁት ሰው ሳይሆን በሚያምኑት ጓደኛ ተጠርተው ነው። ሌላው፣ «ሥራህ በባንክ ሒሳብህ ገንዘብ ተቀብለህ ማስተላለፍ ብቻ ነው» የሚል ቅጥር ካገኛችሁ ሽሹ። የተሰረቀ የሰው ሐቅ በስማችሁ ያልፋል፤ ፖሊስም መጀመሪያ የሚያገኘው እናንተን ነው። ፓስፖርታችሁን፣ መታወቂያችሁንና የይለፍ ቁጥራችሁን ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ለማታውቁት ሰው አትላኩ።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምትናገሩት ቃል ወሳኝ ነው። «አንተ ደግሞ ምን አባህ ታውቃለህ!» ካላችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ሳይነግራችሁ ሌሊት ይወጣል። መተማ ወይም አዲስ አበባ ደርሶ ነው የምትሰሙት። ይልቅስ «ጎሽ፣ ስለነገርከኝ፤ ና አብረን እናጣራ» በሉት። ኢስቲኻራ ስገዱ፤ ነገር ግን ኢስቲኻራ መጠየቅንና መመካከርን አይተካም። ግመልን አስሮ በአላህ መመካትን የተማርን ሕዝብ ነን።

ችኮላን ግን ፈጽማችሁ እምቢ በሉ። «እስከ ነገ ካልከፈልክ» የሚለው ቃል የተቀመጠው ከአባቱ፣ ከመምህሩ፣ ከኢማሙ ጋር እንዳይማከር ነው። ቢያንስ ሦስት ቀን ጠይቁ። እውነተኛ ሥራ ሦስት ቀን ይጠብቃል።

ገንዘቡ ከሄደስ? ወዲያው፣ በዚያው ሰዓት፣ ገንዘቡን ላስተላለፈው ባንክ ወይም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት አመልክቱ። መልእክቶቹን አታጥፉ፤ ደረሰኙንና ስልክ ቁጥሮቹን ይዛችሁ ለፖሊስ አሳውቁ። «ትንሽ ጨምረህ ከላክህ የመጀመሪያውን እናስመልስልሃለን» የሚል ሰው ቢመጣ እርሱ የመጀመሪያው ሌባ ወንድም ነው።

ከሁሉ በላይ የተታለለውን ልጅ በየቡናው ላይ መሳለቂያ አታድርጉት። ያች ተማሪያችን ከብሩ ይልቅ የጎዳት የጎረቤት ሳቅ ነበር። ለሳምንታት ከቤት አልወጣችም። በሌላ በኩል ደግሞ እርሷ አፍራ ዝም ብትል ኖሮ በዚያው ሰፈር ሌሎች ሁለት ልጆች ለዚያው ስልክ ሊልኩ ተዘጋጅተው ነበር። ተናገረች፤ እነርሱም ተረፉ። የወንድምን ነውር መሸፈን ከእርሱ ጉዳት ሌላው እንዲጠበቅ ከማድረግ ጋር አይጣረስም።

እንዴት ሆነ?

ወደ እህል ነጋዴው አባት እንመለስ። ለ«እውነት ቢሆንስ?» ጥያቄያቸው የሰጠናቸው መልስ ይህ ነው፤ «እውነት ከሆነ አምስቱን ጥያቄ ይመልሳል። እውነት መጠየቅን አይፈራም።»

ልጁ በዚያው ምሽት እኛ ፊት ተቀምጦ ጥያቄዎቹን ላከ። መጀመሪያ «አትጨነቅ፣ ሁሉም ይስተካከላል» የሚል መጣ። ደግሞ ጠየቀ። «እኛ ጋ ብዙ ሰው ተሰልፏል፤ ካላመንክ ተወው» አሉት። ሦስተኛ ጊዜ የፈቃድ ቁጥሩን ሲጠይቅ መልእክቶቹ በሙሉ ተደመሰሱ፤ ስሙም ከስልኩ ጠፋ። በማግስቱ የዲከረንስ ገዢው መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ልጁ ግን አላመሰገነንም። ለአንድ ሳምንት ያህል ሲያገኘን አንገቱን አቀረቀረ፤ ለእናቱም «ዕድሌን አበላሹብኝ» ብሎ ነበር። አልተቀየምንም። የጠፋበት ሥራው አይደለም፤ ሥራው ከመጀመሪያውም አልነበረም። የጠፋበት በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ተስፋ ነው።

ዛሬም ልጁ ቋሚ ሥራ የለውም። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። በገበያ ቀን ከአባቱ ጋር እህል ይሰፍራል፤ በተቀሩት ቀናት እኛ ዘንድ እየመጣ በአንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር ሒሳብ አያያዝ ይማራል። ይህ በቂ አይደለም። አጭበርባሪው የገባው እኛ ክፍት በተውነው በር ነው። ሱቅ ያላችሁ ወንድሞች አንድ ልጅ አስጠግታችሁ ሙያ ብታስተምሩ፣ ስፌት የምታውቁ እህቶች አንዲት ልጅ ብትይዙ፣ በየጀመዓችን የሚሰበሰበው ዘካ ለሚገባው ችግረኛ ወጣት የዕለት ዳቦ ከመሆን አልፎ የሥራ መሣሪያ ቢገዛለት፣ ልጆቻችን ከማያውቁት ሰው «እንፈልግሃለን» የሚል ቃል እስኪመጣላቸው አይጠብቁም ነበር። ኢማሞችም ከጁምዓ በኋላ ሁለት ደቂቃ ወስደው ስለዚህ ቢያስጠነቅቁ ብዙ ቤት ይድናል።

ባለፈው ሳምንት እኚያ አባት በእህል ጆንያዎቻቸው መካከል ቆመው ስናልፍ ጠሩን። ልጃቸው አንዲት ሴት ካመጡት ጆንያ ውስጥ ክንዱን እስከ ክርኑ ከትቶ ከታች ገብስ እየዘገነ ነበር። ዘግኖ አወጣና በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ አየው። «ደረቅ ነው አባ» አለ። አባትየው እኛን አዩና ምንም ሳይናገሩ ፈገግ አሉ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለልጆቻችን ሐላል ሪዝቅን ይክፈትላቸው፤ በስደት ያሉትን በሰላም ይመልስልን፤ ከአታላይም፣ አታላይ ከመሆንም ይጠብቀን። አሚን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።